ፊቱ ይደር

ጥር 9

ሦስተኛ የጨርቅ ድቤን ጨረስኩ። ድብ ከተባለ… አክስቴ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ ገለበጠችው፣ ዳበሰችው። «ይሄ ደግሞ ምን አስደንግጦት ነው?» አለች። የቂጡ ፀጉር ሽቅብ ቆሟል። ጨርቁን ዘቅዝቄ ቆርጬዋለሁ። ከመቁረጥህ በፊት ፀጉሩ የሚተኛበትን አቅጣጫ ጀርባው ላይ በቀስት አመልክት ብላኛለች። አመልክቻለሁም። ግን ቀስቱን ሳየው ሰው መሰለኝና ባርኔጣ ጨመርኩለት፣ ከዚያ ጫማ፣ ከዚያ ጢም… መጨረሻ ላይ የቱ ራሱ የቱ እግሩ እንደሆነ ጠፋኝ።

ይሄ ደብተር የተሰጠኝ ልክ እንድጽፍበት ነው። የእጅ ርዝመት፣ የጆሮ ስፋት፣ የሆድ ዙሪያ። አራት ገጽ ጻፍኩ። ከአምስተኛው ጀምሮ የኔ ነው። አክስቴ አንድ ቀን ከፍታ አይታ አታውቅም። ታምነኛለች መሰለኝ።

ትምህርቱን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተውኩት፣ እሱም እኔን ተወኝ። ፀጉር ቤት ስድስት ቀን ሠራሁ። ስድስተኛው ቀን ላይ የደንበኛውን ጀርባ ፀጉር በኮከብ ቅርጽ ላጨሁት፣ ለቀልድ። ከዚያ እናቴ ለታላቅ እህቷ አስረከበችኝ። ድብ የምትሰፋዋ አክስቴ። አምስት ወር ሆነኝ። ሰፈር ውስጥ «የድቦቹ እናት» ይሉኛል። ይበሉ።

ጥር 12

ዛሬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

አክስቴ አንድ ሕግ አላት። የድብ ዓይን በተለካበት ቀን አይሰፋም። መጀመሪያ በሁለት ስፒል ቦታውን ታመለክታለች፤ ከአፍንጫው ሁለት ጣት ወደ ላይ፣ ከመሃሉ ስፌት አንድ አውራ ጣት ወደ ግራ፣ አንድ አውራ ጣት ወደ ቀኝ። ከዚያ «ፊቱ ይደር» ትልና ጠረጴዛው ላይ ትታው ጎን ያለው መኝታ ቤቷ ትገባለች። ሲነጋ ፊቱ ካልተቀየማት ትሰፋዋለች። የመስታወት ዓይን፣ ሰም የተቀባ ክር፣ እንደ ክንድ የረዘመ መርፌ። በፊቱ ገብቶ በማጅራቱ ይወጣል። ሳብ ሲደረግ ዓይኑ ስርጉድ ይላል፤ ያን ጊዜ ነው ድቡ ሰው የሚሆነው።

ትናንት ማታ ታዲያ አንዱን ስፒል ነቅዬ ግንባሩ ላይ ተከልኩት። ጠዋት መጣች፣ እጇን ፊቱ ላይ አሳለፈች፣ ቆም አለች። «ማነው ይሄን ያሰከረው?» እያለች በሜትሩ ጀርባዬን ገረፈችኝ። ግን እየሳቀች ነበር። ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። ስፒሉን ነቅላ በቦታው መለሰችው። ጨርቁ ምንም አልሆነ።

ሞሄር ነዋ። ከፍየል ፀጉር የሚሠራ ጨርቅ። ጀርባው ጥቅጥቅ ያለ ሽመና ስለሆነ ወግተህ ብትነቅል፣ ሰፍተህ ብትፈታ፣ ቀዳዳው ይዘጋል። ይቅር ባይ ጨርቅ ነው ትላለች።

ጥር 15

አንድ የሚገርመኝ ነገር። ጠዋት ስመጣ የመርፌ ትራሷ ላይ ሁልጊዜ አሥር መርፌ ክር ገብቶለት ይጠብቃል። አሥር። እኔ አንዱን ለማስገባት ምላሴ እስኪደርቅ ክሩን እልሳለሁ። መቼ ነው የምታስገባው? እንቅልፍ የላትም እንዴ? ስጠይቃት «አንተ ገና ስታዛጋ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ከመቀስ የተራረፈ ሞሄር ሰብስቤ፣ ጎን ካለው በር የሚሠሩት ጫማ ሰፊ ጋሼ ኮፍያ ውስጥ በሙጫ ለጠፍኩት። ራሰ በራ ናቸው። ደንበኛ ፊት ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ግማሹ ራሳቸው ላይ ቀረ… ቡናማ፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ። ደንበኛዋ «ጋሼ፣ አምሮብዎታል» አለች። እሳቸው አልሳቁም። ከደቂቃ በኋላ ግን መስታወት ጠየቁ።

ጥር 20

ነርስ መጣች። ከክሊኒኩ ጋውኗን ሳታወልቅ። የሟች እናቷን ካፖርት በፌስታል ይዛ። ሰው ሠራሽ ፀጉር ነው፣ የደረቀ ቅጠል የመሰለ መልክ ያለው። ትንሿ ልጇ አያቷ እቅፍ ውስጥ ፊቷን ካፖርቱ አንገትጌ ውስጥ ካልቀበረች አትተኛም ነበር። አሁን አያት የለችም። ልጅቷ እየተነሳች ካፖርቱ የተሰቀለበት ቦታ ትሄዳለች። «ድብ አድርጊልኝ» አለች ነርሷ። ሌላ ብዙ አላወራችም።

አክስቴ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ዳበሰችው። ክርኑ አልቋል፣ ጀርባው ረግፏል። ደህና የሆነው አንገትጌውና የፊት ለፊቱ ብቻ ነው። አንድ ድብ ይወጣዋል አለች። አንድ ብቻ።

ጀርባውን ገልብጣ አሳየችኝ። እንደ ሹራብ ነው። «ይሄ እንደ ሞሄር አይደለም፣ ሰምተሃል? በትልቁ መርፌ ከተበሳ ይተረተራል» አለችኝ።

ሰምቻለሁ አልኳት። ደብተሬ ላይም ጻፍኩት፤ ይኸው። ከተበሳ ይተረተራል።

ጥር 24

ካፖርቱ ድብ ሆነ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት! ማለት… እሷ አጠገቤ ሆና። በመቀሱ ጫፍ ብቻ፣ ጀርባውን እንጂ ፀጉሩን ሳልነካ። ቀስቱን ስሠራ ባርኔጣ አልጨመርኩም። እጁ ይዞራል፣ እግሩ ይዞራል፣ አንገቱም። ሲያቅፉት ወደ ደረት ይጠጋል። አክስቴ አንገቴን መታ አድርጋ «ሰው ልትሆን ነው መሰለኝ» አለች። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

ወደ ማታ ስፒሎቹን በአውራ ጣቷ ለክታ ተከለች። «ፊቱ ይደር» ብላ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

እኔም… ያው እኔ ነኛ። ያለፈው ጊዜ ቶሎ ነቃችብኝ፣ ግንባር ላይ ስላደረግሁት። ዛሬ በደንብ ፈልጋ የምታገኘው ነገር ሠራሁ። አንዱን ስፒል አንድ ጣት ያህል ወደ አፍንጫው አስጠጋሁት፣ ዝቅም አደረግሁት። ሸውራራ ሆኗል። ትንሽ። ነገ ጠዋት ስታገኘው ለማየት ቸኩያለሁ።

ጥር 25

ዛሬ የሚሳቅ ነገር የለም።

ጠዋት ስገባ የገላ መስፊያው ክር አልቋል ብላ ላከችኝ። ስፒሎቹን ሳታይ አትነካም ብዬ ተዝናንቼ ሄድኩ። ከባለሱቁ ጋር ስቀልድ፣ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሳስቆም… ስመለስ ተሰፍቷል። ሁለቱም ዓይን። ጠብቆ፣ ስርጉድ ብሎ፣ ማጅራቱ ላይ ተቋጥሮ።

ድቡን መስኮቱ ጋ ይዛ ቆማ ነበር። ራቅ ታደርገዋለች፣ ታቀርበዋለች። አውራ ጣቷን ፊቱ ላይ ታስቀምጣለች፣ ታነሳለች፣ እንደገና ታስቀምጣለች።

«ጣቴ ሸሸኝ» አለች።

አሁን ንገራት፣ አልኩ ለራሴ። አሁን። አፌ ተከፈተ። የወጣው ግን «ክሩን ጥቁር ነው ያልሽኝ ቡናማ?» የሚል ሆነ።

ጥር 26

ዓይኑን ፈታችው። ለማስተካከል። መርፌው ገብቶ ክሩ የተሳበበት ቦታ እንደ ካልሲ መተርተር ጀመረ፣ ወደ አፍንጫው። ከጀርባ በኩል በቀጭን ክር ለቀመችው። ቀዳዳውን ለመሸፈን ዓይኑን መልሳ እዚያው ከመስፋት ሌላ መንገድ አልነበረም። ሌላ ፊት ለመቁረጥ ደግሞ ጨርቅ የለም፤ የቀረው ልክ እንደ ጫማ ሰፊው ጋሼ ራስ ነው።

ይሄን ቀልድ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ማን ሳቀ? ማንም።

ጥር 28

ነርሷ ልጇን ይዛ መጣች። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። አክስቴ ድቡን ስትሰጥ «ይቅርታሽን» አለቻት፣ «ፊቱ እንደፈለግሁት አልወጣልኝም።» እኔ ጠረጴዛው ሥር ወድቆ የማያውቅ ስፒል ፈለግሁ።

ልጅቷ ድቡን አየችው። ዘወር ብላ የሚያይበትን አየች። ግድግዳውን። ተመልሳ አየችው።

«የት ነው የሚያየው?» አለች።

«አንቺን ነው፣ የኔ እናት» አለች ነርሷ።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። አይደለም ማለቷ ነው። ነርሷ አመሰገነች፤ በጣም፣ ከልክ በላይ አመሰገነች። ከዚያ የድቡን ፊት ወደ ደረቷ አዙራ ይዛው ወጣች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበን፣ ብትወረውረው… ፊቱን ወደ ደረቷ አዙራ።

የካቲት 2

አክስቴ የዓይኖቹን ሣጥን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አምስት ቀን ሆነ አልወጣም። ድቦቹ መደርደሪያው ላይ ወደ ግድግዳ ዞረው ቁጭ ብለዋል። አሁን ሰባት ሆኑ። ዓይን የሌለው ድብ ለማን ይሰጣል?

ለማስቃት ሞከርኩ። አንዱን ድብ መነጽር አድርጌለት በሯ ላይ አስቀመጥኩት። አነሳችው፣ መነጽሩን ዳበሰችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ዓይን ለሌለው ድብ መነጽር፣ ከሁሉ ቀልድ ይሄ ነው ያገኘኸው? አላለችኝም። እኔ ነኝ አሁን የምለው።

የካቲት 6

ጋሼ ጠሩኝ። ስለ ኮፍያው ሊገስጹኝ መስሎኝ «ፀጉሩ በቀለ እንዴ?» አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ። ወንበር ሲስቡ ነገር አለ።

አክስትህ ሞሄሩንና ጠረጴዛውን የሚወስድ ሰው ፈልግልኝ ብላኛለች አሉኝ። ልትዘጋው ነው። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? አላውቅም አልኩ። ውሸቴን ነው፣ ደግሞም እውነቴን ነው።

ሁለት ዓመት አልፏል አሉ፣ ዓይኗን ጉም ከያዛት። ሐኪሙም እዚህ ይቆማል እንጂ አይመለስም ብሏታል። ትልቁን ነገር ታያለች፣ ፊት ለፊት ያለውን ጥቃቅኑን አታይም። አሥሩን መርፌ ክር የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። በየጠዋቱ፣ እኔ ሳልመጣ። ማንም እንዳያውቅ አስምላቸዋለች፤ በተለይ እኔ።

«የምትሠራው በአውራ ጣቷ ነው» አሉኝ። «ዓይኔ ቢከዳኝ ጣቴ አለ ትለኝ ነበር። አሁን ጣቴም ከዳኝ አለችኝ። ምን ልበላት?»

ደብተሬን ለምን አንብባ እንደማታውቅ ገባኝ። ያን ቀን ግንባሩ ላይ ያደረግሁትን ስፒል በእጇ እንጂ በዓይኗ አላገኘችውም። ሁለተኛውን ግን… አንድ ጣት ብቻ ነዋ የተንቀሳቀሰው። በሚያልፍ እጅ አይያዝም። ታየዋለች ብዬ ነው። እንድታየው ነው ያደረግሁት። እንድትስቅ ነው።

የካቲት 7

ሳልነግራት ዋልኩ።

የካቲት 8

ዛሬም። በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። እናቴ አሞሃል ወይ አለችኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ማንንም አላበሸቅክም።

የካቲት 9

ነገርኳት።

ሞሄሩን እያጠፈች ነበር፣ ለሚወስደው ሰው። ቆሜ ነገርኳት፣ መቀመጥ አልቻልኩም። ስፒሉን እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኩት። የካፖርቱን ድብ። ጣትሽ ልክ ነበር።

ማጠፏን አላቆመችም። አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ዓይን አልባ ድብ አውርዳ «አሳየኝ» አለች። «የት ነበር እኔ ያደረግሁት? የት ወሰድከው?»

ሁለት ስፒል ተከልኩ። ከዚያ አንዱን ነቅዬ እንደዚያን ቀን አደረግሁት። አውራ ጣቷን ፊቱ ላይ አስቀመጠች። የመጀመሪያው ቦታ ላይ። ሁለተኛው ቦታ ላይ። ተመልሳ የመጀመሪያው ላይ። ጣቷን እዚያው ላይ አቆየችው።

«አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ይሄን ጣት ስረግመው ነው የከረምኩት» አለች።

ይቅር በይኝ እትዬ አልኩ። ስፒሎቹን ነቅላ ወደ ትራሱ መለሰቻቸው። ይገርፈኛል ብዬ ያሰብኩት ሜትር አጠገቧ ተጠቅልሎ ነበር። አልነካችውም።

«ዛሬ ወደ ቤትህ ግባ» ብቻ አለች።

የካቲት 13

ቤት ነኝ። ማንም አልጠራኝም። ሰፈር ውስጥ የድቦቹ እናት ሲሉኝ መልስ አልሰጠሁም። እነሱም ደነገጡ።

የካቲት 16

ክሊኒክ ሄድኩ። ሳልታመም። ካርድ ክፍሏ ምንህን ነው ያመመህ ስትል ነርሷን ነው የምፈልገው አልኳት፤ ሳቀች፣ ሌላ መሰላት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልዱን እቀጥለው ነበር።

አግዳሚው ላይ ብዙ ጠበቅሁ። መጣች፣ እጇን በፎጣ እየጠረገች። ነገርኳት። አጭር ነው፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።

ለአክስትህ ነግረሃታል? አለችኝ። አዎ አልኩ። ሌላ አልጠየቀችም። ስለ ልጅቷ እኔ ጠየቅሁ። ትተኛበታለች አለች። ግን ፊቱን ወደ ፍራሹ አድርጋ። ጀርባውን ነው የምታቅፈው።

ከውስጥ ስሟን ጠርተው ወሰዷት። እኔም ወጣሁ። ጀርባውን ነው የምታቅፈው…

የካቲት 21

አክስቴ በጋሼ በኩል ላከችብኝ። ስገባ ነርሷ እዚያው ነበረች። ጠረጴዛው ላይ የካፖርቱ ኮፍያ። አንገት ላይ በቁልፍ ይያያዝ የነበረው፤ ያኔ አላመጣችውም ነበር። ለራሷ ነው ያስቀረችው። የእናቷን ጠረን ገና አልለቀቀም አለች። ስታወራ እጇ ኮፍያው ላይ ነበር፣ ስትጨርስም አልተነሳም።

«ይሄ የመጨረሻው ነው» አለች።

አንድ ፊት ይወጣዋል። ልክ አንድ።

አክስቴ ወደኔ ዞረች። አንተ ነህ የምትቆርጠው አለችኝ። ስፒሉን እሷ፣ መርፌውን እኔ። እኔማ አልችልም አልኳት። «ስፒል ማንቀሳቀስ የቻለ እጅ ነው፣ ይችላል» አለችኝ። ጋሼ በር ላይ ሆነው ሳል ሳል አሉ። ቀልድ ነበር? አላወቅሁም። ፈገግ አላለችም።

የጠረጴዛው ወሳጅ ቀርቷል፤ ጋሼ ናቸው የነገሩኝ። ስለሱ ከኔ ጋር አላወራችም።

የካቲት 28

በጠዋት ሄጄ አሥሩን መርፌ ክር አስገባለሁ። ጋሼ ሥራቸውን ለቀውልኛል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። እሷ ስትገባ ትራሱን በእጇ ትቆጥራለች፣ አንድ፣ ሁለት… አሥር። «ማነው?» አትልም። ታውቃለች።

ኮፍያውን ስቆርጥ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ላብ በአፍንጫዬ ሲወርድ ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወደ ጎን ዞርኩ። የፀጉሩ ቀስት ቀጥ ያለ ነው። ባርኔጣ የለውም።

መጋቢት 4

አዲሱ ፊት አለቀ። ነርሷ ዛሬ ጠዋት ድቡን አመጣችልን፣ በአሮጌው ፊት ቦታ ገጠምነው። ጥጡ ሞልቷል፣ አፍንጫው ተጠልፏል። ዛሬ ወደ ማታ አክስቴ ቁጭ ብላ ለካች። ሁለት ጣት ወደ ላይ። አውራ ጣት ወደ ግራ፣ አውራ ጣት ወደ ቀኝ። ስፒሎቹን እኔ አቀበልኳት፣ እሷ ተከለች። ከዚያ ራቅ ብዬ አየሁት። ልክ ነው። እንዴት ያለ ልክ ነው! ጣቷ በሩ ጋ ቆሜ ከማይባቸው ሁለት ዓይኖቼ ይበልጣል። ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ የድሮዋን አክስቴን ትንሽ ሰማሁ መሰለኝ። ትንሽ።

ነገ ጠዋት እሰፋለሁ። ልጅቷ ከሰዓት ትመጣለች። ይህቺ ልጅ የት ነው የሚያየው ብላ ከጠየቀች… አትጠይቅም። አትጠይቅም።

መሄጃዬ ሲደርስ አክስቴ «ፊቱ ይደር» አለች። እኔም እንደ ልማዴ ጠረጴዛውን ጠርጌ፣ መቀሱን ሰቅዬ፣ ድቡ የሚያድርበትን ቦታ መሃል ላይ ባዶ አደረግሁለት።

ድቡን አነሳችው። ስፒሎቹን እንደገና በአውራ ጣቷ ነካች፣ አንዱን፣ ሌላውን፣ ደግሞ አንዱን። በሻሿ ጠቀለለችው። «ደህና እደር» አለችኝ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ያለ ቂም። ታቅፋው ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ጫማዬን እያሰርኩ የበሯ ቁልፍ ከውስጥ ሲዞር ሰማሁ።